አንድ ስም፣ ሁለት ቅጠል

«ይህን ያህል ኪሎ ዕፀ ፋርስ ተያዘ» የሚል ዜና በሰማን ቁጥር ካናቢስ ማለታቸው እንደሆነ ይገባናል። ጋንጃ፣ ሐሺሽ የምንለውን ማለት ነው። ቅጠልና ሥር ለሚያውቅ የገጠር አዛውንት ግን ዕፀ ፋርስ ሌላ ነው። በቆሻሻ መጣያ፣ በፈረሰ ካብ ሥር፣ በበረት ዙሪያ ማንም ሳይተክለው የሚበቅል፣ ነጭ የጥሩንባ አበባና እሾሃም ፍሬ ያለው ተክል ነው። አጤ ፋሪስም ይሉታል፣ አስተናግርም ይሉታል፤ በኦሮምኛ አሳንግራ ነው። «አስተናግር» እንዴት ያለ ስም ነው! የቀመሰው ሰው አጠገቡ ከሌለ ሰው ጋር ሲያወራ ያመሻልና ስሙ ራሱ ምልክቱን ይናገራል።

የቆሎ ተማሪው አብሾም ከዚሁ ተክል ይዘጋጃል ይባላል። ቅኔውን ባንድ ሰሚ ያስይዛል የተባለለት መጠጥ ነው። የቀናው ሊቅ ወጣው፣ ያልቀናው «አብሾ አለበት» እየተባለ ዕድሜውን ገፋ። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በነበረበት ዘመን ስለ ቅኔ ባወራሁ ቁጥር ተማሪዎቼ ከሰምና ወርቁ ይልቅ የሚጠይቁኝ ስለ አብሾ ነበር። ፈተና ሲቃረብ ጥያቄው ይበረታል።

ካናቢስም ቢሆን ትናንት የመጣ እንግዳ አይደለም። ከጣና በስተምሥራቅ፣ በቀድሞው በጌምድር፣ ላሊበላ የሚባል ዋሻ አለ፤ ከላስታው ላሊበላ ጋር አይምታታብን። ጆአን ዶምብሮውስኪ የተባሉ የከርሰ ምድር ጥናት ባለሙያ ይህን ዋሻ ቆፍረው ካገኟቸው ነገሮች መካከል የሸክላ ማጨሻዎች ይገኙበታል። በማጨሻዎቹ ውስጥ የቀረውን ጥላሸት ኒኮላስ ቫን ደር መርወ መርምረው፣ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጥናት የካናቢስ ርዝራዥ እንዳገኙበት አስታወቁ። ዕድሜው እ.ኤ.አ. ወደ 1320 ገደማ፣ 80 ዓመት ወዲህ ወይም ወዲያ ቢል ነው። እንግዲህ ዐፄ ዐምደ ጽዮን በዘመቻ ላይ በነበሩበት ዘመን አካባቢ፣ ኮሎምበስ ሳይወለድ፣ ትምባሆ የሚባል ነገር ከአሜሪካ ሳይሻገር፣ ጣና ዳር ጭስ ይሳብ ነበር ማለት ነው። የዚያን ጊዜ ሰዎች ቅጠሉን ምን ብለው ይጠሩት እንደነበር ሸክላው አይናገርም።

ከዚያ በኋላ ትምባሆ መጣና ጭስ ሁሉ የሱ ሆነ። ቤተ ክህነት አወገዘችው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ያጨሰውን ከንፈር፣ ሱረት የሳበውን አፍንጫ ያስቆርጡ ነበር ተብሎ ተጽፏል። የጣናው ቅጠል ተረስቶ ቆይቶ በሌላ በር ተመለሰ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1948 ለውጭ አገር ጥቁሮች ሻሸመኔ ላይ መሬት ሰጡ፤ በ1958 ዓ.ም. ራሳቸው ጃማይካን ጎበኙ፤ ራስተፈሪያኑም እየመጡ ሲሰፍሩ «ጋንጃ» የሚለው ቃል አብሯቸው ገባ። ቃሉ ግን ጃማይካዊ አይደለም፤ የሕንድ የጉልበት ሠራተኞች ወደ ካሪቢያን ይዘውት የሄዱት ነው። ሐሺሽ ደግሞ በዐረብኛ ደረቅ ሣር ማለት ነው። የራሳችን ስም ስላልነበረን፣ ወይም ስለጠፋን፣ የአስተናግርን ስም ነጥቀን ሰጠነው። የሚያስቀው አስተናግርም የፋርስ ሰው አለመሆኑ ነው፤ የዕፅዋት ሊቃውንት ትውልዱን አሜሪካ ያደርጉታል።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ አለመሆኑ የገባኝ ፓዌ ነው። ፓዌ ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ከወሎ፣ ከከምባታና ሐዲያ፣ ከሌላም ቦታ የመጡ ከ80 ሺህ በላይ ሰዎች በጉሙዞች ምድር ላይ የሰፈሩበት፣ መንደሩ በስም ሳይሆን በቁጥር የሚጠራበት አገር ነው። ባረፍኩበት ግቢ ጤና አዳሙም በሶብላውም በዘይት ቆርቆሮ ተተክሎ በረድፍ ቆሟል። የቤቱ ልጅ ስልኩን ይዞ መጣና፣ «ጋሼ፣ ዕፀ ፋርስ እኮ እንዲህ በባልዲ፣ በፍግ ብቻ፣ ያለ ማዳበሪያ ይበቅላል፤ በደቡብ አፍሪካ በግቢ መትከል ተፈቅዷል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የዚያ አገር ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 አዋቂ ሰው ለራሱ በግሉ እንዲያበቅል ፈቅዷል። በኛ አገር ግን የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ያለ ፈቃድ የሚተክለውን በጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ባልዲም ይሁን ማሳ።

እናቱ ሰምተው ኖሮ፣ «ምን ባልዲ ያስፈልገዋል፣ አጥሩ ሥር ሞልቶ የለ!» አሉ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። እሱ ካናቢስ ይላል፣ እሳቸው አስተናግር ይላሉ፣ ስሙ አንድ ነው። ልጁ ዞር ብሎ አጥሩን ሲያይ ደሜ ቀዘቀዘ። በስልኩ ያየው ቅጠል ጣቶቹን እንደዘረጋ እጅ ነው፤ አጥሩ ሥር ያለው ሰፊና ጥርሳም ነው። ይህን እዚያው አሳየሁት። የአስተናግር ቅጠልም ፍሬም አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባል መርዝ አለበት። አፍ ያደርቃል፣ ዓይን ያፈጣል፣ ልብ ያስሮጣል፣ ያስቀዣል፣ ይገድላልም። ይህንን የሚከለክል ፖሊስ ደግሞ የለም።

ቀልድ የሚመስለው ሰው ኡጋንዳን ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2019 በካራሞጃ የዓለም ምግብ ፕሮግራም ያከፋፈለውን አልሚ ዱቄት የበሉ ከ300 የማያንሱ ሰዎች ታመሙ፤ የሞቱም ነበሩ። ዱቄቱ ውስጥ የአስተናግር ወገን የሆነ ተክል መርዝ ተገኘ። ዱቄቱ አኩሪ አተር አለበት፤ አስተናግር ደግሞ በአኩሪ አተር ማሳ ውስጥ ዋነኛ አረም ነው። ፓዌ አኩሪ አተር ይዘራል።

እናትየውን የጠየቅኳቸው ስለዚህ ነበር። አጨዳ ላይ አረሙን አብረው እንደሚያጭዱት፣ ፍሬው ውቂያ ላይ እንደሚፈነዳ ነገሩኝ። ዘሩ ጠቆር ያለ፣ ጠፍጣፋ፣ ኩላሊት የመሰለ ነው። ከአኩሪ አተር ብዙ ያንሳል፤ ዓይኑ ጠበብ ባለ ወንፊት ቢነፉት አተሩ ከላይ ይቀራል፣ እሱ ይወርዳል። የወረደውን ለዶሮ አይሰጡም፤ ያቃጥሉታል።