የድምፅ ማሠራጫ ታሪክና የአድማጩ ቦታ፤ ኢተያና የአርሲ ደጋ እንደ ምሳሌ

አንድ ሙያ የራሱ መጽሔት ሲኖረው ታሪኩን ሳያስበው ይጽፋል። የዕቃው ዋጋ፥ የሹመቱ ወሬ፥ የክርክሩም ቃል በየሳምንቱ እየታተመ ሲጠራቀም፥ በኋላ ለሚነሣው ታሪክ ጸሐፊ መዝገብ ይሆነዋል። የራዲዮና የቴሌቪዥን ሥራ በአሜሪካ እንዲህ ያለ መዝገብ አለው፤ በኢትዮጵያ ግን የለውም። የዚህ ልዩነት ምክንያቱ ምን እንደ ሆነና በአርሲ ደጋ ለኖረው ሕዝብ ታሪክ ምን ጉድለት እንዳስከተለ መመርመር ይገባል።

«ብሮድካስቲንግ» የተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 15 ቀን 1931 በዋሽንግተን ከተማ መታተም ጀመረ። መሥራቾቹ ሶል ታይሾፍና ማርቲን ኮዴል ነበሩ። በመጀመሪያ በወር ሁለት ጊዜ ይወጣ ነበር፤ ኋላም ሳምንታዊ ሆነ። በዚያ አገር የራዲዮ ጣቢያዎች አብዛኞቹ የግል ነጋዴዎች ንብረት ስለ ነበሩ የሚኖሩት በማስታወቂያ ገቢ ነበር፤ ፈቃዱን ግን የሚሰጣቸው መንግሥት ነው። ስለዚህም ባለ ጣቢያው ሕጉን፥ ተወዳዳሪውንና የማስታወቂያውን ዋጋ ዘወትር ማወቅ ግድ ሆነበት። ከዚህም በላይ የጋዜጣ ባለቤቶች ገቢያችን ሊቀርብን ነው ብለው ስለ ሠጉ፥ በ1933 መጨረሻ ራዲዮ አጫጭር ወሬ ብቻ እንዲያሰማ የሚወስን ስምምነት ተደረገ። መጽሔቱ እንዲህ ባለው ክርክር መካከል የባለ ጣቢያዎች ጠበቃ ሆኖ አደገ። እ.ኤ.አ. በ1993 የኬብል ቴሌቪዥንን ስም በስሙ ላይ ጨመረ፤ በ2024ም ሥራው አበቃ።

በኢትዮጵያ ነገሩ በሌላ መንገድ ሄደ። በአቃቂ የቆመው የመጀመሪያው ጣቢያ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1935 ሲሆን፥ የሠራውም አንሳልዶ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ ነበር። በዚያው ዓመት ጣሊያን አገሪቱን ወረረች፤ ንጉሠ ነገሥቱም ለዓለም አቤቱታቸውን ያሰሙት በራዲዮ ነበር። ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ ሥራው እንደ ገና ተቋቁሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሆነ። ቴሌቪዥንም ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ሲመረቅ በዚሁ ሥርዓት ገባ። ከመንግሥት እጅ ውጭ የነበረው ታላቁ ጣቢያ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋመው ብሥራተ ወንጌል ነው፤ የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. ተመርቆ መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. በደርግ ተወረሰ። የግል ጣቢያ በሕግ የተፈቀደው በ1991 ዓ.ም. ሲሆን፥ የግል ኤፍ ኤም ጣቢያዎች በአዲስ አበባ መሰማት የጀመሩት በ2000 ዓ.ም. ገደማ ነው። እንግዲህ ባለቤቱ አንድ ሲሆን ተወዳዳሪ የለም፤ ተወዳዳሪ ከሌለም የሙያ መጽሔት የሚገዛ ነጋዴ አይገኝም። የቀረው ማስረጃ የነጋሪት ጋዜጣ አዋጅ፥ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤና በጋዜጣ ላይ ተበታትኖ የሚገኘው ወሬ ነው።

ይህ ሁሉ ማስረጃ ግን ስለ ተናጋሪው እንጂ ስለ ሰሚው አይነግርም። ኢተያ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ፥ ስንዴና ገብስ በሚበቅልበት ደጋ የምትገኝ የገበያ ከተማ ናት። የአካባቢው ሕዝብ አብዛኛው አርሲ ኦሮሞ ነው፤ ወሬን «ኦዱ» ይለዋል። በመንገድ የተገናኙ ሰዎች የሚለዋወጡት፥ ከገበያ ወደ ቤት የሚገባውም ይኸው ነው። የጥንቱ ባለ ቱቦ ራዲዮ ብዙ ኃይል ይፈልግ ስለ ነበር መብራት ከሌለበት ቤት ለመግባት አይመችም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1954 ወዲህ ለሽያጭ የቀረበው የትራንዚስተር ራዲዮ ግን በትንንሽ ባትሪ ይሠራል፤ ስለዚህ የመብራት መስመር ወዳልደረሰበት የገጠር ቤትም ለመግባት ቻለ።

ይሁን እንጂ ድምፁ ደረሰ ማለት ቃሉ ተሰማ ማለት አይደለም። በዘውዱ ዘመን የአዲስ አበባው ጣቢያ ዋና ቋንቋ አማርኛ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ ኦሮምኛ ከሞቃዲሾ ራዲዮ ይሰማ ነበር፤ በአዲስ አበባ ግን ተገቢውን ቦታ ያገኘው ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ነው። «በሪሳ» የተባለው ጋዜጣም ከዚያ ወዲህ በኦሮምኛ፥ በግዕዝ ፊደል ታተመ። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን እርዳታ በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ገበሬውን ያስተማረው በማሳያ እርሻና በአርአያ ገበሬዎች፥ ማለትም በዓይን በሚታይ ነገር ነበር። በዚያው ዘመን ባለ ርስቶች ትራክተር እያስገቡ ብዙ ጭሰኞች ከመሬታቸው ተነቀሉ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ለሕዝብ እንዲሆን ሲታወጅ፥ ነገሩ ከማንም ይልቅ የሚነካው ጭሰኛውን ነበር። አዋጁ ለኢተያው ጭሰኛ በማን አንደበት ደረሰ? በየትኛው ቋንቋ? ከራዲዮው ነው ወይስ ከገበያው ኦዱ? የሰማውንስ አመነ? ለእነዚህ ጥያቄዎች የአዋጁ ወረቀት መልስ አይሰጥም።

የአሜሪካው መጽሔትም ቢሆን የጻፈው ለባለ ጣቢያው ነው፤ አድማጩ በእርሱ ዘንድ ለማስታወቂያ ዋጋ የሚቆጠር ቁጥር ነበር። ስለዚህ በኢትዮጵያ የጎደለው መጽሔት ብቻ አይደለም። የመጀመሪያውን ራዲዮ ማን እንደ ገዛ፥ በየትኛው ቤት እንደ ተቀመጠ፥ ማን ዙሪያውን እንደ ተሰበሰበና አማርኛውን ማን ወደ ኦሮምኛ እንደ መለሰ የሚያስታውሱት የአገር ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው። የአዋጁን ቀን ጎልማሳ ሆኖ የሰማ ሰው ዛሬ እጅግ አርጅቷል። በወረቀት ላይ ያለው አዋጅ ሊቆይ ይችላል፤ የሰሚው ቃል ግን ሳይመዘገብ ከሰሚው ጋር ይቀበራል።