የድኻ መዋጮና የቅኝ ገዢ ካዝና

ውድ የእድራችን አባላት፤ የብሪታንያ ቅኝ ግዛት በነበረችው በጃማይካም እንደኛው ዓይነት መረዳጃ ማኅበር ነበረ። ሠራተኛው ሳንቲም እያዋጣ ሲታመም ይጦርበታል፣ ሲሞት ይቀበርበታል። ለንደን ግን ለብዙ ዘመን እያንዳንዱን ግዛት በራስህ ገቢ ተዳደር ትል ነበር። ከ1929 እ.ኤ.አ. ወዲህ የዓለም ንግድ ሲወድቅ የስኳር ዋጋ ረከሰ፤ ሥራ ጠፋ፣ ቀረጡም ተመናመነ። እንግዲህ ሐኪም ቤቱና ትምህርት ቤቱ በምን ይቁም? የአዋጪውስ እጅ ባዶ አይደል!

በ1938 በፍሮም የስኳር እርሻ ሠራተኛው ስለ ደመወዝ ቢነሳ ፖሊስ አራት ሰው ገደለ። ሎርድ ሞይን የመሩት መርማሪ ኮሚሽን የተላከው ሁከቱ ደሴቶቹን ካዳረሰ በኋላ ነው። በ1940 በወጣው ሕግ ለቅኝ ግዛቶች ሁሉ በዓመት እስከ 5 ሚሊዮን ፓውንድ ተፈቀደ። የድህነቱን ልክ ያሳየው ሙሉ ዘገባ ግን በጦርነቱ ጊዜ ጠላት እንዳይጠቀምበት ተብሎ እስከ 1945 ሳይታተም ቆየ።

መዋጮ ጎረቤትን ይደግፋል፤ የመንግሥትን ድርሻ ግን አይሸፍንም።