የተመለሰውን ማን ተቀበለው?

የእንግሊዝ መንግሥት የሚሰጠውን የቼቭኒንግ ስኮላርሺፕ ያገኘ ተማሪ የማስተርስ ትምህርቱን ሲጨርስ ወደ አገሩ ተመልሶ ቢያንስ ሁለት ዓመት የመቆየት ግዴታ አለበት። የአሜሪካው ፉልብራይትም ተመሳሳይ የሁለት ዓመት ደንብ አለው። በእኛም አገር ስለ ምሁራን ፍልሰት በተነሣ ቁጥር ክርክሩ እዚህ ላይ ያርፋል፤ «ተመለሰ ወይስ እዚያው ቀረ?» ታሪካችን ግን ከዚህ የሚከብድ ጥያቄ አለው።

ከጣሊያን ወረራ በፊት ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ግብፅና ወደ አሜሪካ ተልከው ተምረው ከተመለሱት ወጣቶች በርካቶቹ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በፋሺስት እጅ አለቁ። ከነፃነት በኋላ መንግሥት እንደገና «ሀ» ብሎ ጀመረ። ወጣቶች በመንግሥት ወጪ ወደ አሜሪካ፣ ወደ እንግሊዝና ወደ ካናዳ ተላኩ። አብዛኞቹም ተመለሱ። ያኔ መመለስ ክብርም ሥራም ያስገኝ ነበር።

ከእነዚህ አንዱ ግርማሜ ንዋይ ነበር። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪውን፣ በኒው ዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ማስተርሱን ሠራ። የመመረቂያ ጽሑፉ ነጮች በኬንያ ስለ ሰፈሩበት ፖሊሲ ነበር። መሬት ከባለቤቱ ሲነጠቅ ምን እንደሚከተል ያጠናው በሰው አገር ነው፤ ጥያቄውን ይዞት የተመለሰው ግን ወደ ራሱ አገር ነው።

ግርማሜ የወላሞ አውራጃ ገዥ ሆኖ ሲሾም ለመሬት አልባ ገበሬዎች መሬት ማከፋፈል ጀመረ። ባለርስቶቹ አቤት አሉ። መልሱም ዝውውር ሆነ፤ ግርማሜ ወደ ጅጅጋ ተላከ። የተማረውን ሥራ ላይ ለማዋል የሞከረ ሰው ያገኘው ምላሽ ይህ ነበር። ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ከወንድሙ ከብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ጋር መፈንቅለ መንግሥት አስነሣ። ሙከራው ከሸፈ፤ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው የነበሩ መኳንንትና ሚኒስትሮች ተረሸኑ፤ ግርማሜም ሞተ። በታጋቾቹ ላይ የተፈጸመው ግድያ ማመካኛ የለውም። ቢሆንም በሕግና በአስተዳደር በኩል መሬት ማደል የተከለከለው ሰው ጠመንጃ ወዳለው ወንድሙ መዞሩን ታሪክ ጸሐፊ ሊያልፈው አይችልም።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ትውልድም ትምህርቱን ብቻ ይዞ አልተመለሰም። መኢሶንም ኢሕአፓም የተመሠረቱት በውጭ አገር በነበሩ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ነው። አብዮቱ ሲፈነዳ ብዙዎቹ ምንም ውል ሳያስገድዳቸው በገዛ ፈቃዳቸው ገቡ። ፈረንሳይ የተማረው የመኢሶኑ ኃይሌ ፊዳም ከእነዚህ አንዱ ነበር። እርስ በርስ ተባሉ፤ ደርግም ሁለቱንም ፈጃቸው። ኃይሌ ፊዳም በደርግ ተገደለ። ውጭ ያሉት ይህን አዩ። መቅረት ልማድ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው።

እንግዲህ ሄዶ የቀረውን «ከዳተኛ» ማለት ይቀላል። ነገር ግን ይህች አገር ልጆቿ የሚመለሱበት ዘመን ነበራት፤ ያ ዘመን ያበቃው በተማሪዎቹ ስስት ሳይሆን በአቀባበሉ ነው።

ዛሬም ነገሩ በመጠን እንጂ በዓይነት አልተለወጠም። ማስተርሱን ይዞ የሚመለስ ባለሙያ ጥይት አይጠብቀው ይሆናል። የሚጠብቀው ግን ያጠናውን የማይጠይቀው አለቃ፣ ጥናቱ የሚቀመጥበት መሳቢያና «እዚህ እንዲህ አይሠራም» የሚል ቃል ከሆነ ሁለቱ ዓመት የእስር ፍርድ ይመስለዋል፤ ቀኑን ቆጥሮ ይወጣል። ውል ሰውን ሁለት ዓመት ሊያስቀምጥ ይችላል። ሊያሠራው ግን አይችልም።

ስለዚህ ሠራተኛውን የሚልክ መሥሪያ ቤት «ትመለሳለህ ወይ?» ብሎ ከማስፈረሙ በፊት ራሱ አንድ ነገር መፈረም ይገባዋል፤ ሲመለስ ምን ሥራ፣ በምን ሥልጣን እንደሚሰጠው። ያ ወረቀት እስካሁን ተጽፎ ያውቃል?