ሠንጠረዥ፣ ተራ ፋይልና «ነጂ»

«ሠንጠረዥ» የጨዋታ ስም ነበር፤ ገበታው በመስመር የተከፋፈለ ስለ ነበር ረድፍና ዓምድ ላለው ጽሑፍም ተስማማ። ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት፣ ተጠቃሚው የመረጃውን ውስጣዊ አቀማመጥ ሳያውቅ በሠንጠረዥ መልክ እንዲጠይቅ ሐሳብ አቀረበ። ማይክሮሶፍት በ1992 ኦዲቢሲን ካወጣ በኋላ ከቀረቡት ነጂዎች አንዱ በነጠላ ሰረዝ የተለያየውን ተራ ፋይል እንደ ሠንጠረዥ አስነበበ፤ መስመሩ ረድፍ፣ በሰረዞች መካከል ያለው ደግሞ የዓምድ ዋጋ ሆነ።

ችግሩ ግን ፋይሉ የዓምዶቹን ዓይነት አለመናገሩ ነው። «ስኪማ» የተባለው አጃቢ ፋይል ካልገለጸለት ነጂው ይገምታል፤ በዜሮ የሚጀምር መለያ ቁጥር እንደ ተራ ቁጥር ከተነበበ ዜሮው ይጠፋል። ፖስትግሬስ በ2011 ባወጣው 9.1 እትም ግን ዓምዶቹን አስቀድሞ ማወጅ ግዴታ ሆነ፤ ፋይሉም ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም።

ይህ መሣሪያ ከመንዳት ይልቅ ማስተርጐም ይቀናዋል። ሆኖም «አስተርጓሚ» ለሌላ ዓይነት ፕሮግራም ስለ ተያዘ «ነጂ» እንዲጸና እንመርጣለን።