«ንጹህ» ውሃ

«ንጹህ» ስንል ብዙውን ጊዜ ጥርት ያለ፣ ወለሉ የሚታይ ውሃ ማለታችን ነው። የባሕር ዓሣ በመስታወት ገንዳ ማኖር ለሚጀምር ሰው ግን ይህ ፍቺ አደገኛ ነው። ዓሣው በስንጥቡ የሚያስወጣውና ከተረፈ ምግብ የሚመነጨው አሞኒያ ቀለም የለውም፤ ውሃው ብርሌ መስሎ ዓሣው ሊሞት ይችላል። የባሕር ውሃ ፒኤች ከ8 በላይ ስለሆነ መርዙ ይበልጥ ይበረታል። ስለዚህ እዚህ ንጹህ የሚባለው ባክቴሪያ የሌለበት ሳይሆን ተገቢዎቹ ባክቴሪያዎች የሰፈሩበት ውሃ ነው። አንዱ ወገን አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይትን ጉዳቱ ወዳነሰ ናይትሬት ይለውጣል። በድንጋዩና በማጣሪያው ላይ እስኪበዙ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። በመጀመሪያው ቀን በመለኪያ የሚታይ የአሞኒያና የናይትራይት ዜሮ ምንም አይነግረንም፤ የሚታመነው ሁለቱም ከፍ ብለው ዜሮ ሲወርዱ ነው።

«ውሃውን ቶሎ ቶሎ መቀየር አይበቃም ወይ?» የሚል ይኖራል። ከፊሉን መቀየርማ ናይትሬቱን ስለሚቀንስ ግድ ነው፤ የባክቴሪያዎቹን ሥራ ግን አይተካም። ማጣሪያውን ክሎሪን ባለው የቧንቧ ውሃ ፈትጎ ማጠብ ደግሞ እነዚያኑ ባክቴሪያዎች መግደል ነው። የጨዉም ነገር እንዲሁ በዓይን አይታወቅም፦ ውሃው ሲተን ጨዉ ይቀራል። በትነት የጎደለው በጨው ውሃ ከተሞላ፣ በኪሎ ውሃ 35 ግራም ገደማ መሆን ያለበት ጨው በየቀኑ ይጨምራል፤ መሞላት ያለበት ጨው በሌለበት በተጣራ ውሃ ነው።