እርከኑን ማን አፈረሰው?

በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ፣ በወሎና በሌሎችም የደጋ አካባቢዎች በብዙ ቦታ ገበሬው መጥረቢያውን አንስቶ ለዓመታት በገዛ ጉልበቱ የተከለውን ደን መነጠረው፤ የካበውን እርከንም ናደው። ከተሜው ይሄን ሲሰማ «ምን ይደረግ፣ ሕዝቡ ግንዛቤ የለው!» ብሎ ፈረደ። የመንግሥት አለመኖርም ሆነ ችግሩ የየራሳቸው ድርሻ እንደነበራቸው አይካድም። ነገሩ ግን ከዚያ በፊት የጀመረ ነው።

የ1965 እና 66ቱ ረሃብ ወሎን ከፈጀ በኋላ የተራቆተው መሬት ጉዳይ አሳሳቢ ሆነ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ የገበሬ ማኅበራት ተቋቋሙ። በእነሱም በኩል ሺዎችን በአንድ ቀን ለሥራ ማሰማራት ተቻለ። በዓለም የምግብ ፕሮግራም እርዳታ «ምግብ ለሥራ» ቀጠለ፤ የቀኑ ክፍያ 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ነበር። ተራራው በእርከን ተሸነሸነ፤ ችግኝ ተተከለ፤ ኮረብታው ከከብት ተከለለ። ሥራው በወረቀት ሲታይ የሚያኮራ ነበር።

ታዲያ ምን ጎደለ? ንግግሩ ባንድ አቅጣጫ ብቻ ይሄድ ነበር። መመሪያው ከላይ ይወርዳል፤ ሊቀመንበሩ ይሰበስባል፤ ካድሬው ይቀሰቅሳል፤ ገበሬው ያጨበጭባል። በሆዱ የያዘው ግን ብዙ ነው። እርከኑ ከጠባቧ ማሳው ላይ መሬት ይሻማል፤ በሬ ለማዞር አያመችም፤ በድንጋዩ መሀል አይጥ ይራባል። የተከለለው ኮረብታ ደግሞ ግጦሹና ማገዶው ነበር። ከሁሉም በላይ «ዛፉ ሲያድግ የማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ እርግጠኛ መልስ የሰጠው አልነበረም። ይህን ሁሉ አጥኚዎች ዘግይተው ከገበሬው አፍ ሰምተው ጽፈውታል። እርከኑ ከመካቡ በፊት የጠየቀው ቢኖር ኖሮ ባንድ ከሰዓት ይነግረው ነበር። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» እንላለን፤ እዚያ ተራራ ላይ ግን የሚናቅም የሚከበርም ባለቤት አልነበረም።

ገበሬው የእርከንን ጥቅም አያውቅም እንዳይባል፣ በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የኮንሶ እርከን ከ400 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። የካበውም ሲጠግን የኖረውም ያው ገበሬ ነው።

ቃላቶቻችንም ይመሰክራሉ። «መቀስቀስ» የተኛን ማንቃት ነው፤ ካድሬው ገበሬው ተኝቷል ብሎ ነው የሚጀምረው። ከደርግ በኋላ በየስብሰባው የለመድነው «ግንዛቤ ማስጨበጥ»ም ቢሆን ተቀባዩን ባዶ እጁን የመጣ ያስመስለዋል። «መመካከር» ግን ለብቻ አይሆንም፤ ሰዋስው ራሱ ቢያንስ ሁለት ሰው ይጠይቃል።

መመካከር ምን እንደሚያፈራ ለማየት ወደ ወላይታ፣ ሁምቦ እንሻገር። በ1999 ዓ.ም. ገደማ ወርልድ ቪዥን 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ እንዲያገግም ሥራ ሲጀምር ነዋሪው ተጠራጠረ፤ መሬታችን ሊወሰድ ነው ብሎ ሰጋ። ስጋቱ እንደ ድንቁርና አልተቆጠረም፤ መነጋገሪያ ሆነ። ነዋሪዎቹ በ7 የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጁ፤ የመጠቀም መብታቸው ተረጋገጠ፤ ለመጠበቂያውና ለመጠቀሚያው ደንብ ወጣ። ደኑም በአብዛኛው በአዲስ ችግኝ አልተመለሰም። መሬት ውስጥ ሕይወት የቀረው ጉቶ ሲያቆጠቁጥ እየተገረዘና እየተጠበቀ ነው ያደገው። በ2002 ዓ.ም. ፕሮጀክቱ በኪዮቶ ስምምነት ሥርዓት ተመዘገበ፤ የካርቦን ሽያጩም ገቢ ለማኅበራቱ ደረሰ።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ በመላ አገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታወቀ። ቁጥሩ ያስደንቃል። በ1970ዎቹም ግን የችግኝና የእርከን ቁጥር አላነሰንም ነበር። ስለዚህ በየዓመቱ ክረምት ስንት ተተከለ ብለን ስንጠይቅ አብረን ልንጠይቀው የሚገባ ነገር አለ፤ በዚያ ኮረብታ ላይ ከብቱን የሚያግደው፣ እንጨት የምትለቅመው፣ ከሥሩ የሚያርሰው ሰው ምን አለ? መልሱ «እንጃ» ከሆነ፣ ችግኙን ነገ የሚጠብቀው ማን ነው?