ቡናና አስም

የአስም መድኃኒቶችን ታሪክ ከቢታ ገነት የምጀምረው ካፋ የቡና አገር በመሆኑ ነው። ራሱ የአስም ሕመምተኛ የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ሄንሪ ሳልተር በ1860 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ወፍራም ቡናን፣ ያውም በባዶ ሆድ እንዲጠጣ መክሯል። በ1888 ደግሞ ጀርመናዊው አልብሬክት ኮሰል ከሻይ ቅጠል ቴዎፊሊንን ለየ። ቴዎፊሊን የካፌይን የቅርብ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም የአየር ቧንቧን ጡንቻ ያላላሉ። የካፌይን ኃይል ግን ደካማ ስለሆነ ሳልቡታሞልን አይተካም።

ለነርስ ጉዳዩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። የቴዎፊሊን ፈዋሽና መርዛማ መጠን እጅግ ይቀራረባሉ፤ ጉበት ሁለቱን በአንድ መንገድ ስለሚያስወግድም ካፌይን ቴዎፊሊንን በደም ውስጥ ሊያቆየው ይችላል። ስለዚህ አሚኖፊሊን በደም ሥር፣ ያውም በዝግታ፣ ከመስጠቴ በፊት ሕመምተኛዬን «ዛሬ አቦል ብቻ ነው ወይስ እስከ በረካ ደርሰዋል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ቡናው የተቆላበትን ጢስም አልረሳም።